ዘፈኖቹ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ሲሆኑ ማጫወቻው ለምን ይንቀራፈፋል?

ለዓመታት ሙዚቃ ሲያጠራቅም የኖረ ሰው አንድ ቀን ላፕቶፑ ይሞላበታል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገዛና ዘፈኖቹን በሙሉ ወደዚያ ያዛውራል። እፎይ ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሙዚቃ ማጫወቻው ፕሮግራም፣ አይቲዩንስም ይሁን ሚዩዚክቢ ወይም ሚዲያመንኪ፣ ለመከፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ የአልበም ሽፋኖች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ፤ የአንድን ዘፈን ስም ለማረም ሲሞከር መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ ራም ይጨመር፣ ዊንዶውስ እንደገና ይጫን፣ ካልሆነም ላፕቶፑ ይቀየር። አዲሱ ላፕቶፕ ከተገዛ በኋላም ያው ዲስክ ሲሰካ ያው መንቀራፈፍ ይመለሳል።

ነገሩን ለመረዳት ዘፈኑንና የዘፈኑን መዝገብ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ምን ይሠራል?

ዘፈኑ ራሱ አንድ ፋይል ነው፤ ኤምፒ3 ወይም ሌላ ዓይነት። ስንት ጊዜ እንደተደመጠ፣ ስንት ኮከብ እንደተሰጠው፣ በየትኛው ፕሌይሊስት ውስጥ እንደገባ፣ ፋይሉ በየትኛው ፎልደር እንደሚገኝ የሚጻፈው ግን ፕሮግራሙ ለብቻው በሚይዘው መዝገብ ውስጥ ነው። ዳታቤዝ የሚባለው ይህ ነው። በአይቲዩንስ መዝገቡ ‹አይቲዩንስ ላይብረሪ› የሚል ስም ያለው ፋይል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከዘፈኖቹ ፎልደር ጎን ተቀምጦ ይገኛል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 በማክ ላይ አይቲዩንስን ‹ሚዩዚክ› በተባለው ፕሮግራም ሲተካም ስሙ ‹ሚዩዚክ ላይብረሪ› ሆነ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ሚዩዚክቢም ሚዲያመንኪም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው።

የመርካቶ ነጋዴን እናስብ። ዕቃው ያለው ራቅ ብሎ በተከራየው መጋዘን ነው፤ መዝገቡ ግን ከሱቁ አይወጣም። ደንበኛ ሲጠይቀው መዝገቡን ገልጦ ወዲያው ይመልሳል፤ ወደ መጋዘን ሰው የሚልከው ዕቃው ሲሸጥ ብቻ ነው። መዝገቡንም መጋዘን ቢያስቀምጠው ‹‹ይህ ዕቃ አለ?›› በተባለ ቁጥር ሰው መላክ ሊኖርበት ነው። መኪናው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ምልልሱን አያስቀረውም።

ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ሙሉውን የአይቲዩንስ ፎልደር ጎትቶ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ የወሰደ ሰው ዕቃውንም መዝገቡንም አንድ ላይ መጋዘን አስገብቷል። ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ዝርዝሩ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ አንድ ዘፈን ተደምጦ ባለቀ ቁጥር እንኳ (ቆጠራው ስለሚታረም) ወደ ዲስኩ መሄድ ግድ ይሆናል።

ዲስኩ ፈጣን ነው ተብሎ ተሸጦልኝ የለም እንዴ?

ፈጣን ነው፤ ግን በአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ። በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች በውስጣቸው የሚሽከረከር ሰሃን አላቸው። የብዙዎቹ ሰሃን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 90 ጊዜ ማለት ነው። አንድ መረጃ ሲፈለግ አንባቢው ክንድ መጀመሪያ ወደ ትክክለኛው መስመር ይሄዳል፤ ከዚያም የሚፈለገው የሰሃኑ ክፍል ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ሁለቱ ተደምረው ወደ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳሉ። ሲያዩት ኢምንት ነው። ሆኖም በዚህ ስሌት ዲስኩ በአንድ ሰከንድ ሊመልስ የሚችለው ከ60 እስከ 70 የሚሆን ጥያቄ ብቻ ነው።

አሁን 20,000 ዘፈን ያለበትን ስብስብ እንውሰድ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዘፈን ፋይሉ በቦታው መኖሩን ቢያረጋግጥ፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለውን የስምና የአልበም መረጃ ቢያነብ፣ የሽፋኑን ሥዕል ቢያወጣ ለሁሉም 60,000 ጥያቄ ይሆናል። ይህ ለ65 ሲካፈል ሩብ ሰዓት ይደርሳል። በዚህ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከዲስኩ የወጣው መረጃ ሲመዘን ግን አንድ ፊልም እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ማዳመጥ በአንጻሩ ለዲስኩ ቀላል ሥራ ነው። በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በሰከንድ የሚፈልገው 40 ኪሎባይት ነው፤ ከሲዲ ሳይጨመቅ የተገለበጠ ዘፈን እንኳ ከ176 ኪሎባይት አይበልጥም። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል። ዘፈኑ ሳይቆራረጥ እየተጫወተ ዝርዝሩ ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው። ‹‹ዘፈኑ ደህና ይጫወታል፣ ስለዚህ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ የላፕቶፑ ነው›› የሚለው የተለመደ ድምዳሜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ገንዘብ ከማውጣትም ሆነ ነገር ከመሰረዝ በፊት ማየት ይቀድማል። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ‹ፐርፎርማንስ› የሚለውን ከፍተው በስተግራ ከተዘረዘሩት ኤክስተርናል ዲስኩን ይምረጡና ማጫወቻው በሚደርቅበት ሰዓት ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ‹አክቲቭ ታይም› የሚለው 100 ከመቶ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ያለው የንባብ ፍጥነት ግን በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ሲንቀዋለል ከታየ ነገሩ ተለየ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተጠምዷል፣ የሚሰጠው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከላይ ያሰላነው የትናንሽ ጥያቄ ጋጋታ በመስኮቱ ላይ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው። በማክ ‹አክቲቪቲ ሞኒተር› ውስጥ ‹ዲስክ› የሚለው ገጽ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ በሰከንድ የሚነበበው ብዛት ከፍ ብሎ የመረጃው መጠን ዝቅ ካለ ምልክቱ ያው ነው።

ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የዘፈኖቹን የድምፅ ከፍታ እየመረመረ፣ ወይም በራሳቸው የሚታደሱ በርካታ ፕሌይሊስቶችን እያሰላ ሊሆን ይችላል። ዲስኩም ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈትተው ማጫወቻው ከቆመ ኢንተርኔቱን ይጠርጥሩ። ማጫወቻዎች ሲከፈቱ ወደ ሱቃቸውና ወደ ደመና ማከማቻቸው ደውለው መልስ የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ዋይፋዩን አጥፍቶ ፕሮግራሙን መክፈት የሁለት ደቂቃ ፈተና ነው።

ሌላ አስተማማኝ ፈተናም አለ። አይቲዩንስን ሲከፍቱ በዊንዶውስ ሺፍትን፣ በማክ ኦፕሽንን ተጭነው ቢቆዩ የትኛውን መዝገብ እንዲከፍት ይጠይቃል። አዲስ ባዶ መዝገብ ላፕቶፑ ላይ ይፍጠሩ፤ ጥቂት አልበሞች ወደ ላፕቶፑ ገልብጠው ያስገቡበት። እንደ መብረቅ ከሆነ ፕሮግራሙም ላፕቶፑም ነጻ ናቸው። የቀድሞው መዝገብ አይነካም፤ ያንኑ ቁልፍ ተጭኖ ከፍቶ ወደ እሱ መመለስ ይቻላል።

መዝገቡን ወደ ላፕቶፑ ለመመለስ ምን ይደረግ?

በአይቲዩንስና በ‹ሚዩዚክ› ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ተዘግቶ የመዝገቡ ፋይል አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ለዓመታት የተሰጡ ኮከቦችና በትዕግሥት የተደረደሩ ፕሌይሊስቶች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው፤ ዘፈን ከሌላ ሰው ይገኛል፣ እነዚህ ግን ከማንም አይገኙም። ከዚያ የመዝገቡ ፋይልና አጠገቡ ያለው የሽፋን ሥዕሎች ፎልደር ወደ ላፕቶፑ ‹ሚዩዚክ› ፎልደር ይገልበጡ። የዘፈኖቹ ፎልደር ባለበት ዲስክ ላይ ይቀራል፤ ስሙም ቦታውም አይለወጥ። መዝገቡ የእያንዳንዱን ዘፈን ሙሉ አድራሻ ስለያዘ አድራሻው ካልተቀየረ ያገኘዋል። ሺፍትን ወይም ኦፕሽንን ተጭነው ከፍተው አዲሱን ቅጂ ይምረጡ። በመጨረሻም በማስተካከያው ውስጥ ‹አድቫንስድ› በሚለው ሥር (በማኩ ‹ሚዩዚክ› ‹ፋይልስ› በሚለው) የሚዲያ ፎልደሩ ወደ ኤክስተርናል ዲስኩ እንደሚያመለክት ያረጋግጡ፤ ካላረጋገጡ በኋላ የሚጨመሩት ዘፈኖች ላፕቶፑ ላይ መከማቸት ይጀምራሉ።

በዊንዶውስ አንድ ወጥመድ አለ። ኤክስተርናል ዲስኩ ዛሬ ‹ኢ› ነገ ‹ኤፍ› የሚል ፊደል ሊያገኝ ይችላል፤ በተለይ ቀድሞ የተሰካ ፍላሽ ካለ። ያኔ መዝገቡ የያዘው አድራሻ በሙሉ ይፋለስና ከየዘፈኑ ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት ይደረደራል። ‹ዲስክ ማኔጅመንት› ውስጥ ገብቶ ለዲስኩ ከፊደል ተራው ራቅ ያለ፣ ለምሳሌ ‹ኤም›፣ አንድ ጊዜ መስጠት ከዚህ ይገላግላል። ዲስኩን ከሰኩ በኋላ ብቻ ማጫወቻውን መክፈትም ልማድ ይሁን።

መዝገቡን ከዲስኩ ጋር ማኖር ጭራሽ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም። ዲስኩን በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ እያፈራረቀ የሚጠቀም ሰው ፕሌይሊስቶቹ አብረውት እንዲዞሩ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው ለምቾቱ ሲል ፍጥነትን እንደሚያጣ አውቆ መወሰን ይችላል።

ገመዱስ?

ከሚታሰበው ያነሰ ጥፋት አለበት፤ ሆኖም ለማጣራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3 ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የብዙ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች መሰኪያ ሰፋ ያለና በሁለት የተከፈለ ነው። የድሮ ስልክ ቻርጀር ጠባብ ጫፍ በሰፊው ክፍል በኩል ይገባል፤ ዲስኩም ይሠራል፤ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው። ዋናው ገመድ ጠፍቶበት በዚህ የሚጠቀም ሰው ሳያውቀው ዓመት ሊቆይ ይችላል። ላፕቶፑ ላይም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ነው ፈጣኑ።

የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይብሳል። ዲስኩ፣ ማውሱና ፍላሹ ሁሉ በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ የሚሽከረከረው ዲስክ በቂ ኃይል አያገኝም፤ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተበላሽቷል ከማለት በፊት በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ።

ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ስመለስ ብቻ የሚደርቀው ለምንድን ነው?

ዲስኩ ተኝቶ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ያልተጠየቀ ሃርድ ዲስክ ኃይል ለመቆጠብ ሰሃኑን ያቆማል፤ ሲጠየቅ ሰሃኑ ፍጥነቱን እስኪይዝ ብዙ ሰከንዶች ያልፋሉ። ማጫወቻውም እስከዚያ ይጠብቃል። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚጠፋበትን ጊዜ ማራዘም፣ በማክም ዲስኮችን የሚያስተኛውን ምርጫ ማንሳት ይቻላል። አንዳንድ ዲስኮች ግን እንቅልፉ ከፋብሪካ የተሰጣቸው በመሆኑ ማስተካከያው አይገዛቸውም።

ስብስቡ ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል?

እንዴታ። በተለይ የኛ ስብስቦች። ብዙዎቹ ከካሴት የተገለበጡ፣ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ የተጫኑ፣ ከዘመድና ከጓደኛ ዲስክ የተቀዱ ናቸው። ያው አልበም ሦስት ጊዜ በሦስት ፎልደር ይገኛል። ጥላሁን ገሠሠ በላቲን ፊደል አራት ዓይነት ስለሚጻፍ ለፕሮግራሙ አራት ዘፋኝ ነው፤ ለአራቱም ሽፋን ሲፈልግ ይውላል። ‹ትራክ 01› የሚል ስም ብቻ ያላቸው ፋይሎችም አይጠፉም። የተደጋገሙትን ማስወገድ ማጫወቻው የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ቁጥር በቀጥታ ይቀንሳል።

የሽፋን ሥዕል በዝርዝር ሊታይ ይገባል፤ ስም ወይም ሽፋን ሲታረም ፕሮግራሙ የሚደርቀው በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው። በኤምፒ3 ፋይል ውስጥ የዘፈኑ መረጃና ሥዕሉ የሚቀመጡት ከድምፁ በፊት፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ነው። እዚያ ጥቂት ባዶ ቦታ ይተዋል። አዲሱ መረጃ ከዚያ ቦታ ካለፈ ግን ድምፁ ወደፊት የሚገፋበት መንገድ ስለሌለ ፋይሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጻፋል። 3 ሜጋባይት የሚመዝን ሥዕል 12 ዘፈን ባለው አልበም ላይ ሲለጠፍ ሥዕሉ 12 ጊዜ ይገለበጣል፤ 12ቱም ዘፈኖች ከራሳቸው እስከ እግራቸው እንደገና ይጻፋሉ። በዚህ ላይ ብዙ ርካሽ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ቦታ ለማትረፍ ሲሉ የመረጃ መስመሮቻቸውን በከፊል ስለሚያደራርቡ፣ የተጻፈን ነገር መልሶ መጻፍ ላይ ደካሞች ናቸው። ለስክሪን 600 በ600 ፒክስል የሆነ ሥዕል ይበቃል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ነው።

ሚዩዚክቢ፣ ሚዲያመንኪና ፉባር2000 ፎልደሮችን እየተከታተሉ አዲስ ዘፈን ሲገባ በራሳቸው መመዝገብ ይችላሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በተከፈቱ ቁጥር ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲያስሱ ከታዘዙ ያ ሩብ ሰዓት በየቀኑ ይደገማል። ክትትሉን አጥፍቶ ዘፈን ሲጨመር ብቻ በእጅ ማዘዝ ይሻላል።

አንቲቫይረስም በበኩሉ ማጫወቻው የነካውን ፋይል ሁሉ ይመረምራል። ‹‹አጥፉት›› የሚለው ምክር ግን ለኛ አይመችም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዲስክ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ቫይረስ ሲያዞር ስንቱን አይተናል። ዲስኩን አንድ ጊዜ በሙሉ አስመርምሮ፣ ከዚያ በኋላ የዘፈን ፎልደሩን ብቻ ከፍተሻ ነጻ ማድረግ መካከለኛው መንገድ ነው።

ፎርማቱ ለውጥ ያመጣል?

ፎርማት ማለት ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት ነው፤ በማክ ላይ ለውጥ ያመጣል። ኤፒኤፍኤስ የተባለው አዲሱ የአፕል ፎርማት የሚሽከረከር ሰሃን ለሌለው ዲስክ፣ ለኤስኤስዲ፣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የፋይል ዝርዝር ማውጣት ያዘገያል። ለእንዲህ ያለው ዲስክ የቀድሞው ‹ማክ ኦኤስ ኤክስቴንድድ› ይሻላል። ማክ የዊንዶውስን ፎርማት ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ኤክስፋት የተባለው ፎርማት በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፤ ችግሩ መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይም ዲስኩ ሳይሰናበት ሲነቀል ራሱን የሚያስተካክልበት የሥራ መዝገብ የለውም። ፎርማት መቀየር በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ዘፈኖቹ ሌላ ቦታ ሳይገለበጡ አይሞከርም።

ዲስኩ እየሞተ ቢሆንስ?

መዘግየቱ ቀስ በቀስ ከመጣ፣ ሁልጊዜ በተወሰኑ አልበሞች ላይ የሚደርቅ ከሆነ፣ በቀጥታ ተሰክቶም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። የተጎዳ ቦታ ሲያጋጥመው ዲስኩ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል፤ ማጫወቻውም አብሮት ይቆማል። ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው በውስጣቸው መረጃ ይይዛሉ፤ በዊንዶውስ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያነበዋል። ሰማያዊ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን መገልበጥ ይጀመር። መጠገኛ ፕሮግራም ማስኬድ ከመገልበጥ በፊት አይምጣ፤ ለደከመ ዲስክ ረጅም ምርመራ ራሱ ጉዳት ነው። ሲገለበጥም ከየትም የማይገኘው ይቅደም፤ ከካሴት የተቀዳው፣ የሠርጉ፣ የዘመድ ድምፅ ያለበት።

ታዲያ ኤስኤስዲ ልግዛ?

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ትንንሽ ጥያቄ ይመልሳል። ኤክስተርናል ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢተካ ከላይ ያየነው አብዛኛው ጣጣ ይቀራል። ይሁን እንጂ ለ1 ወይም ለ2 ቴራባይት ዘፈን የሚበቃ ኤስኤስዲ ዋጋው አሁንም ከሚሽከረከረው ዲስክ ይበልጣል፣ ለማዳመጥ ብቻ ደግሞ ያን ያህል ፍጥነት አያስፈልግም። ላፕቶፑ ራሱ የድሮ ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ መዝገቡን ወደ እሱ ማምጣት ብዙም አይረዳም። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ በላፕቶፑ ውስጥ ለሚገባ 250 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቢውል ይሻላል። ዊንዶውሱም፣ ማጫወቻውም፣ መዝገቡም እዚያ ይሆናሉ፤ ዘፈኖቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከላፕቶፑ የወጣው አሮጌ ዲስክም ጤነኛ ከሆነ በርካሽ የዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ተደርጎ ለዘፈኖቹ ሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጫ ያገለግላል።